ኤዲት የምታደርጉት ቪዲዮ ሁለተኛው ሞኒተር ላይ አልታይ ሲል፣ ሲቆራረጥ ወይም ቀለሙ ሲበላሽ፦ ችግርና መፍትሄ

ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ተጨማሪ ሞኒተር የሚገናኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ኬብሉ በቀጥታ ከግራፊክስ ካርዱ የሚወጣበት ነው። ይህን ሞኒተር ዊንዶውስ ወይም ማክ እንደ ስክሪን ያውቀዋል፤ ማውሱም ወደ እሱ ይሻገራል። ሁለተኛው እንደ ዴክሊንክ ወይም አልትራስቱዲዮ ባለ የቪዲዮ መውጫ መሣሪያ በኩል የሚያልፍበት ነው። በዚህኛው መንገድ ኮምፒዩተሩ ሞኒተሩን እንደ ዴስክቶፕ አይቆጥረውም፤ ምስል የሚልክለት ኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የሚባክነው የአንዱን መፍትሄ ለሌላው በመሞከር ስለሆነ፣ ምንም ሴቲንግ ከመንካታችሁ በፊት ኬብሉን ከሞኒተሩ ጀርባ ጀምራችሁ በእጃችሁ ተከተሉትና የት ላይ እንደተሰካ እዩ።

ሞኒተሩ ከግራፊክስ ካርድ ተገናኝቷል፣ ግን ምንም አይታይም

ሞኒተሩ «ሲግናል የለም» የሚል ከሆነ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ አይደለም። ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ላይ ኬብሉ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ኤችዲኤምአይ ተሰክቶ ይሆናል፤ የተለየ ግራፊክስ ካርድ ሲኖር ያ ፖርት ብዙውን ጊዜ ይዘጋል። ነቅላችሁ ከታች አግድም በተደረደሩት የካርዱ ፖርቶች ላይ ሰኩት። ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ዩኤስቢ ታይፕ ሲ ሁሉ ምስል አያስተላልፍም። ፖርቱ ዲስፕሌይፖርትን ወይም ተንደርቦልትን የማይደግፍ ከሆነ ቻርጅ ያደርጋል፣ ፋይል ይገለብጣል፣ ስክሪን ግን አያበራም። ይህን በላፕቶፑ ስፔሲፊኬሽን ላይ ማረጋገጥ ይቻላል።

ዴስክቶፑ ይታያል፣ ቪዲዮው ግን አይመጣም ከሆነ ችግሩ ከምርጫ ነው። በመጀመሪያ ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍ ከፒ ጋር ተጭናችሁ «ኤክስቴንድ»ን ምረጡ፤ «ዱፕሊኬት» ላይ ከሆነ ሁለቱም ስክሪን አንድ ስለሚያሳይ ሶፍትዌሩ የሚልክበት ለብቻው የቆመ ስክሪን አያገኝም። ቀጥሎ፦

ፕሪሚየር ፕሮ ላይ ከ«ፕሪፈረንስስ» ውስጥ «ፕሌይባክ»ን ክፈቱ፣ «ኢኔብል መርኩሪ ትራንስሚት» ላይ ምልክት አድርጉ፣ ከዝርዝሩም የምትፈልጉትን ሞኒተር ምረጡ። እዚያ ያለው ቁጥር ዊንዶውስ ከሚሰጠው ቁጥር ጋር ላይገጥም ስለሚችል አንዱ ካልሆነ ሌላውን ሞክሩ።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ «ወርክስፔስ» ከሚለው ሜኑ «ቪዲዮ ክሊን ፊድ» ውስጥ ሞኒተሩን ምረጡ። «ዱዋል ስክሪን» በርቶ ከሆነ ሁለተኛው ሞኒተር በሶፍትዌሩ መስኮቶች ተይዟልና አጥፉት፤ ሁለቱንም ለመጠቀም ሦስተኛ ስክሪን ያስፈልጋል።

ፋይናል ከት ፕሮ ላይ «ዊንዶው» ከሚለው ሜኑ «ሾው ኢን ሰከንደሪ ዲስፕሌይ» ገብታችሁ «ቪውወርስ»ን ምረጡ።

ወደ ሌላ ፕሮግራም ስሄድ ምስሉ ይጠፋል

ይህ ብልሽት አይደለም። ፕሪሚየር ላይ እዚያው «ፕሌይባክ» ውስጥ «ዲሴብል ቪዲዮ አውትፑት ዌን ኢን ባክግራውንድ» የሚል ምርጫ አለ፤ ምልክቱን አንሱና ምስሉ ባለበት ይቆያል። ይሁንና ምርጫው የተቀመጠው በምክንያት ነው። የቪዲዮ መውጫ ካርድን በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ፕሮግራም ብቻ ስለሆነ፣ ፕሪሚየር ካልለቀቀው ሪዞልቭ ካርዱን አያገኘውም። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ የምትሠሩ ከሆነ ምልክቱን ባታነሱት ይሻላል።

ዴክሊንክ ወይም አልትራስቱዲዮ አለኝ፣ ሶፍትዌሩ ግን አያየውም

ከኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ውጡና «ዴስክቶፕ ቪዲዮ ሴትአፕ» የሚለውን ፕሮግራም ክፈቱ። መሣሪያው እዚያ ካልታየ ፕሪሚየር ወይም ሪዞልቭ ውስጥ የምትቀይሩት ማንኛውም ነገር ዋጋ የለውም። ድራይቨሩ ካልተጫነ «ዴስክቶፕ ቪዲዮ»ን ጭናችሁ ኮምፒዩተሩን ሪስታርት አድርጉ። ማክ ላይ ከተጫነ በኋላ «ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያ ካልተሰጠው ድራይቨሩ ተጭኖም አይሠራም። ተንደርቦልት የሚፈልግ መሣሪያ ተራ ታይፕ ሲ ላይ ከተሰካም መሰኪያው ይገጥማል እንጂ ኮምፒዩተሩ አያውቀውም፤ ኬብሉ ራሱም የተንደርቦልት መሆን አለበት።

መሣሪያው «ሴትአፕ» ላይ ከታየ ሪዞልቭ ውስጥ «ፕሪፈረንስስ»፣ «ሲስተም»፣ «ቪዲዮ ኤንድ ኦዲዮ አይ/ኦ» ገብታችሁ ምረጡትና ሪዞልቭን ዘግታችሁ ክፈቱ። አሁንም ጥቁር ከሆነ «ፕሮጀክት ሴቲንግስ»፣ «ማስተር ሴቲንግስ» ውስጥ «ቪዲዮ ሞኒተሪንግ» የሚለውን እዩ። የተመረጠው ፎርማት መሣሪያውም ሞኒተሩም የሚችሉት መሆን አለበት። ለምሳሌ አልትራስቱዲዮ ሞኒተር 3ጂ የሚያወጣው እስከ 1080ፒ 60 ብቻ ነው፤ ታይምላይኑ 4ኬ ቢሆንም የሞኒተሪንጉን ፎርማት ወደ 1080ፒ አውርዱት፣ ሪዞልቭ ምስሉን አሳንሶ ይልካል። ፍሬም ሬቱ ግን ከታይምላይኑ ጋር አንድ መሆን አለበት። ታይምላይን ተሠርቶ ከተጀመረ በኋላ ፍሬም ሬቱን መቀየር ስለማይቻል፣ ይህን ኤዲት ሳትጀምሩ መወሰን ነው።

ምስሉ ይቆራረጣል

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው ግራፊክስ ካርዱን ነው። እናንተ ግን አስቀድማችሁ ዋናው ስክሪን ላይ ያለውን ፕሮግራም ሞኒተር (ቪዲዮው የሚታይበትን የሶፍትዌሩን መስኮት) ተመልከቱ። እዚያም የሚቆራረጥ ከሆነ ሁለተኛው ሞኒተር ከደሙ ንጹሕ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ፋይሉን ለማንበብ እየታገለ ነው። ፕሮክሲ (ቀለል ያለ የፋይሉ ቅጂ) ሥሩ ወይም የፕሌይባክ ሬዞሉሽኑን ወደ ግማሽ አውርዱ።

ዋናው ስክሪን ላይ ደህና ሆኖ ሁለተኛው ላይ ብቻ የሚንገጫገጭ ከሆነ የሞኒተሩን ሪፍሬሽ ሬት (ምስሉን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያድስ) እዩ። 25 ፍሬም የሆነ ቪዲዮ 60 ሄርዝ ሞኒተር ላይ ሲታይ ለእያንዳንዱ ፍሬም 2.4 ሪፍሬሽ ይደርሰዋል። ክፍልፋይ ሪፍሬሽ ስለሌለ ሞኒተሩ አንዳንዱን ፍሬም 2 ጊዜ፣ አንዳንዱን 3 ጊዜ ያሳያል። አንዱ ፍሬም 33 ሚሊሰከንድ፣ ሌላው 50 ሚሊሰከንድ ይቆያል ማለት ነው። ሰው ቁጭ ብሎ በሚያወራበት ሾት ይህ አይታወቅም፤ ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሲዞር ወይም የስም ዝርዝር ከታች ወደ ላይ ሲሄድ ግን ያስጨንቃል። መፍትሄው ዊንዶውስ ላይ «አድቫንስድ ዲስፕሌይ» ውስጥ ሪፍሬሹን ወደ 50 ሄርዝ መቀየር ነው። ለ30 ፍሬም 60 ሄርዝ ይስማማል፤ ለ24 ደግሞ ሞኒተሩ ከቻለ 24 ወይም 48 ሄርዝ። ሞኒተሩ 50 ሄርዝ ከሌለው መንገጫገጩ ከሞኒተሩ እንጂ ከፋይሉ አለመሆኑን እወቁና ኤዲቱን አትንኩ።

ሌላው ተጠርጣሪ መካከል ላይ የገባው አዳፕተር ነው። ምስሉን በዩኤስቢ የሚልኩ የዲስፕሌይሊንክ አዳፕተሮች ፍሬሙን በፕሮሰሰሩ አምቀው ስለሚያስተላልፉ ለጽሑፍ ሥራ እንጂ ለቪዲዮ አይመከሩም። ብዙ የታይፕ ሲ ሀቦችም 4ኬን ከ30 ሄርዝ በላይ አይልኩም።

ድምፁና ከንፈሩ አይገጥምም

በ25 ፍሬም አንድ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው። ቴሌቪዥን ምስሉን ለማሳመር ሲሠራበት በቀላሉ ሁለት ሦስት ፍሬም ያዘገየዋል፤ ድምፁ ከኮምፒዩተሩ ስፒከር ከወጣ ከምስሉ ይቀድማል። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ወደ «ጌም ሞድ» ቀይሩ፣ «ሞሽን» የሚሉ ማለስለሻዎችንም አጥፉ። ከዚያ የቀረውን ልዩነት ፕሪሚየር ላይ «ፕሌይባክ» ውስጥ ከሞኒተሩ ስም ጎን ባለው «ኦፍሴት» በሚሊሰከንድ አስተካክሉ። ለመለካት ጭብጨባ ያለበትን ክሊፕ ደጋግማችሁ አጫውቱ። ክሊፑን ታይምላይኑ ላይ እየገፋችሁ ለማስተካከል ግን አትሞክሩ፤ እናንተ ጋ የገጠመው ኤክስፖርት ሲደረግ ይዛነፋል።

ቀለሙ ደብዝዟል ወይም ጥቁሩ ተውጧል

ይህ ከሁሉም አደገኛው ነው፤ ምክንያቱም ምስሉ የተበላሸ ሳይሆን ያልተሠራ ይመስላል። በ8 ቢት ቪዲዮ ጥቁርና ነጭ የሚለኩት በሁለት ዓይነት ነው፦ «ፉል» ከ0 እስከ 255፣ «ሊሚትድ» ወይም «ቪዲዮ» ከ16 እስከ 235። ኮምፒዩተሩ ሊሚትድ ልኮ ሞኒተሩ ፉል ከጠበቀ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ምስሉ ይደበዝዛል። ፉል ተልኮ ሞኒተሩ ሊሚትድ ከጠበቀ ደግሞ ከ16 በታች ያለው ሁሉ ይዋጣል፤ ጥቁር ፀጉር ላይ ያለው ዝርዝር ጠፍቶ አንድ ወጥ ጥቁር ይሆናል።

ሁለቱን ወገን አስማሙ። ሪዞልቭ ላይ «ቪዲዮ ሞኒተሪንግ» ውስጥ «ዳታ ሌቭልስ»፣ ኢንቪዲያ ካርድ ላይ «አውትፑት ዳይናሚክ ሬንጅ»፣ ቴሌቪዥኑ ላይ «ኤችዲኤምአይ ብላክ ሌቭል» የሚባለውን እዩ። የዊንዶውስ ኤችዲአር ሳያስፈልግ በርቶ ከሆነም አጥፉት። የደበዘዘውን ምስል በኮንትራስት «ካስተካከላችሁት» ግን ያ ስህተት ፋይሉ ውስጥ ይገባል፣ በትክክለኛ ሞኒተር የሚያየው ተመልካች ሁሉ የታፈነ ጥቁር ያያል። ከግራፊክስ ካርድ የሚወጣ ምስል በሲስተሙ የቀለም ፕሮፋይል ውስጥ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ለመቁረጥና ለመቀጠል ይበቃል፤ ለደንበኛ የሚሰጥ የቀለም ሥራ ግን በመውጫ ካርድ በኩል፣ ካሊብሬት በተደረገ (ቀለሙ በመለኪያ በተስተካከለ) ሞኒተር ላይ ቢታይ ይሻላል።

ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል

4ኬ 60 ሄርዝ የኤችዲኤምአይ 2.0ን በሰከንድ 18 ጊጋቢት ይፈልጋል፤ የኤችዲኤምአይ 1.4 አቅም 10.2 ጊጋቢት ነው። ሪፍሬሹን ወደ 30 ሄርዝ አውርዱ። ብልጭታው ወዲያው ከቆመ ኬብሉን አጭርና 18 ጊጋቢት በሚችል ቀይሩት፤ ካልቆመ በሌላ ፖርት ሞክሩ።