ቅድመ አያትን በክርስትና ስም መፈለግ

የአባቴን አያት ሦስት ዓመት ፈልጌ አጣኋቸው። ለካ የያዝኩት የዓለም ስማቸውን ነው! ቤተ ክርስቲያን ፍትሐትም ተዝካርም የሚደረገው በክርስትና ስም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሽማግሌ ዘመድ ጠይቁ፦ «ተዝካራቸው ሲወጣ ማን ተብለው ተጠሩ?» አክስቴ ቡናቸውን ፉት እያሉ «ወልደ ሚካኤል» አሉኝ።

ከዚያ የቤቱን አሮጌ ዳዊት ግለጡ። ባዶው ቅጠል ላይ ልደትና ክርስትና የሚጽፉ ነበሩ። የእኛው ግማሹን አይጥ በልቶታል። የተረፈው «በዘመነ ሉቃስ፣ ክርስትና ተነሣ» ይላል። ወንድ የሚጠመቀው በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነውና ወደ ኋላ ቁጠሩ። ዘመነ ሉቃስ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈው ነው፤ 1891፣ 1895፣ 1899። ከሦስቱ አንዱን ለመለየት የታላቅ እህታቸውን ዕድሜ ያዝኩ።