ከወገብ በማያልፍ ባሕር ውስጥ ዓሣ ማጥመድ፦ የጀማሪ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ፍላት የሚባለው በሞቃት ባሕር ዳርቻ የተዘረጋ፣ ሜዳ የመሰለ ቦታ ነው። ወለሉ አሸዋ፣ የባሕር ሣር ወይም የኮራል ስብርባሪ ይሆናል። ውሃው ከቁርጭምጭሚት ይጀምራል፣ ቢበዛ ወገብ ይደርሳል። ቦንፊሽ፣ ፐርሚትና ታርፖን የመሳሰሉት ዓሦች ከጥልቁ ወጥተው ምግብ ፍለጋ እዚህ ይመጣሉ። እኛም በእግር ገብተን በዓይናችን እንፈልጋቸዋለን። መጀመሪያ ዓሣውን ማየት፣ ከዚያ ለእሱ መወርወር። ዝም ብሎ ወርውሮ መጠበቅ እዚህ ብዙም አያዋጣም።

ጀማሪ ባዶ እጁን ሲመለስ ጥፋቱን በዘንጉ ወይም በአወራወሩ ያሳብባል። እኔ እንዳየሁት ግን አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከዓይንና ከእግር ነው። ስለዚህ ከዓይን እንጀምር።

“ሌላው ያያል፣ ለእኔ ምንም አይታየኝም”

መጀመሪያ መነጽራችሁን ፈትሹ። ተራ ጥቁር መነጽር ብርሃን ይቀንሳል እንጂ ውሃው ላይ ያለውን ነጸብራቅ አያጠፋም። የሚያስፈልገው ፖላራይዝድ ነው። ለማረጋገጥ የሚያብለጨልጭ ውሃ እያያችሁ መነጽሩን ከዓይናችሁ ፊት አሽከርክሩት። ነጸብራቁ ሄድ መጣ ካለ ትክክለኛው ነው። ለፀሐያማ ቀን ቡናማ ወይም መዳብ መሰል መስታወት፣ ለደመናማ ደግሞ ቢጫ ይሻላል። የባርኔጣችሁ ክንፍ ከሥሩ ጥቁር ይሁን፤ ነጭ ከሆነ ከውሃው የሚመጣውን ብርሃን ወደ ዓይናችሁ ይመልሰዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ፀሐይ ናት። ፊታችሁ ላይ ከሆነች ምንም መነጽር አያድንም። መንገዳችሁን ስታቅዱ ፀሐይ ከጀርባ ወይም ከጎን እንድትሆን አድርጉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ድረስ ያለው ብርሃን ወለሉን ጥርት አድርጎ ያሳያል።

ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የሚስተው፣ ዓይናችሁ የሚፈልገው ነገር ነው። የቦንፊሽ ጎን እንደ መስታወት ነው፤ የወለሉን ቀለም መልሶ ያንጸባርቃል። ስለዚህ ዓሣውን አትፈልጉ፣ ጥላውን ፈልጉ። አንድ ቀን ጉልበቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜ፣ አሥር ሜትር ያህል ፊት ለፊቴ አምስት የሣር ጉቶ የመሰሉ ጥቋቁር ነገሮች አየሁ። ዝም ብዬ አየኋቸው። ሣር ይወዛወዛል እንጂ ቦታ አይለቅም። እነዚህ ግን ውሃው ከሚፈስበት አቅጣጫ ተቃራኒ፣ ቀስ እያሉ ወደ እኔ መጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚሄድ ጥላ ሳይ ልቤ ይመታል።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ዓሣው አፍንጫውን ወለሉ ላይ ተክሎ ሲበላ ጭራው ከውሃ በላይ ብቅ ይላል። መንጋ ሲያልፍ ውሃው ነፋስ በሌለበት ይርገፈገፋል። ብዙ ሆነው ወለሉን ሲቆፍሩ ደግሞ የደፈረሰ ደመና ይነሳል። ዓይናችሁ ከውሃው ላይ ሳይሆን ውሃውን አልፎ ወለሉ ላይ ይረፍ።

“‘12 ሰዓት ላይ!’ ይሉኛል፣ የት እንደሆነ ግራ ይገባኛል”

በጀልባ ከሆናችሁ የጀልባው አፍንጫ 12 ሰዓት ነው፣ ቀኛችሁ 3፣ ግራችሁ 9። ሲጠሯችሁ ዓሣውን ከመፈለጋችሁ በፊት ዘንጋችሁን ወደዚያ ጠቁሙ። መሪው “ትንሽ ወደ ቀኝ” እያለ ያስተካክላችኋል። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ አሥር ሜትር ስንል ምን ያህል እንደሆነ አብራችሁ ተስማሙ።

“ልወረውር ስል ይበረግጋል”

እዚህ ነው እግር የሚመጣው። ከፊታችሁ ትንሽ ሞገድ እየገፋችሁ ከሆነ ፈጥናችኋል። ድምፅና እርግብግቢት በውሃ ውስጥ ሩቅ ይሄዳል። ግማሹን ፍጥነት ቀንሱ፣ አሁንም ሞገድ ካለ ቁሙ። ዓሣው ወደ እናንተ እየመጣ ከሆነ እናንተ መሄድ ለምን አስፈለገ? ጎንበስ በሉና ይምጣላችሁ።

ቀጥሎ የማባበያው አወዳደቅ ነው። ራሱ ላይ ከወደቀ ይሸሻል። ከሚሄድበት ፊት ለፊት አንድ ወይም ሁለት ሜትር ቀድሞ ይውደቅ፤ ውሃው የረጋና ጥልቀት የሌለው ከሆነ ከዚያም በላይ። ክብደቱንም ከውሃው ጋር አመጣጥኑ፦ ቁርጭምጭሚት ለሚደርስ ውሃ ቀላል፣ ጭን ለሚደርስ ከበድ ያለ። በላባና በክር በተሠራ ፍላይም ሆነ በስፒኒንግ ዘንግ በትንሽ ጂግ (ክብደት ያለው መንጠቆ) ብታጠምዱ ሕጉ አንድ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ማባበያው በፍጹም ወደ ዓሣው አቅጣጫ አይጎተት። ማባበያው የሚመስላቸው ሸርጣንና ሽሪምፕ ከሚበላቸው ይሸሻሉ እንጂ አይተናኮሉትም። ከጀርባው አልፎ ከወደቀባችሁና ብትስቡት ወደ ዓሣው የሚሮጥ ከሆነ፣ ዓሣው እስኪያልፍ ጠብቁና እንደገና ወርውሩ።

“ይከተላል፣ አይበላም”

አብዛኛውን ጊዜ ማባበያው ወለሉን አልነካም። የቦንፊሽ አፍ ወደ ታች የዞረ ነው፤ የሚበላው ከመሬት ላይ ነው። እስኪሰምጥ ታገሱ፣ ከዚያ በአጭሩ ሳብ፣ ቆም። ሲከተል ካያችሁ አታፍጥኑ። ቀለሙ ከወለሉ ጋር የሚቀራረብ ይሁን። የፀሐይ መከላከያ ቅባት የነካ እጅ ማባበያውንም ይነካል፣ ስለዚህ መዳፋችሁን በአሸዋና በውሃ ፍቁ።

“በላ፣ ዘንጉን ወደ ላይ አነሳሁ፣ አመለጠ”

በወንዝ ያጠመደ ሰው ሁሉ ይሄ ይገጥመዋል። በወንዝ ዓሣው ሲነካ ዘንጉን ብድግ ማድረግ ልማድ ነው። እዚህ ግን ዘንጉ ሲነሳ ማባበያው ከአፉ ተነቅሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቢስት ደግሞ ዓሣው ሁለተኛ ዕድል አይሰጣችሁም። በፍላይ ስታጠምዱ የዘንጉ ጫፍ ውሃው ጋ ዝቅ ይበል፣ ወደ ማባበያው ያመልክት። ዓሣው ሲከብዳችሁ ክሩን በእጃችሁ ረጅምና ጠንካራ አድርጋችሁ ሳቡት። መንጠቆው የሚተከለው በክር ነው። ዓሣው ባይያዝ እንኳን ማባበያው ወለሉ ላይ ትንሽ ብቻ ይንፏቀቃል፤ ዓሣውም የሚያመልጠው መስሎት መልሶ ይነክሰዋል።

ይህን ባሕር ከመግባታችሁ በፊት በደረቅ መሬት ተለማመዱ። ሰው ክሩን ጫፉ ላይ ይያዝላችሁ፣ ሳብ ሲያደርገው እናንተም በእጅ ብቻ መልሱ። እጅ እስኪለምድ ሃምሳ ጊዜ አይበዛም።

“ከተያዘ በኋላ ክሩ ተበጠሰ”

ቦንፊሽ አንዴ ከተያዘ መቶ ሜትር ሊሮጥ ይችላል። በመጀመሪያው ሰከንድ ዓሣውን እርሱት። ዓይናችሁ እግራችሁ ሥር የተከመረውን ክር ይይ፤ ጫማ፣ የልብስ ቁልፍ ወይም የሪሉ (የክር መጠቅለያው) እጀታ ከያዘው አበቃ። ክሩ በሙሉ ወደ ሪሉ ከሄደ በኋላ ዘንጉን ከፍ አድርጉ፣ ፍሬኑ ሥራውን ይሥራ። ሲሮጥ አትያዙት፣ ሲቆም ጠቅልሉ።

ለቦንፊሽ 8 ቁጥር የፍላይ ዘንግ ይበቃል፤ ሪሉ ላይ ከዋናው ክር ሌላ 180 ሜትር ያህል ተጨማሪ ክር ይኑር። ክሩ የተበጠሰው ቋጠሮው ላይ ከሆነ ሲቋጠር አልራሰም ማለት ነው። ከመጥበቁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ደረቅ ክር ሲጠብቅ በሙቀት ይደክማል።

“ቀኑን ሙሉ ዋልን፣ አንድ ዓሣ የለም”

ምናልባት ቦታው ሳይሆን ሰዓቱ ነው የተሳሳተው። በብዙ ቦታ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ትናንት የሠራ ሰዓት ከሳምንት በኋላ አይሠራም። ውሃው መሙላት ሲጀምር ዓሣው ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ሲጎድል በቦዩ በኩል ወደ ጥልቁ ይመለሳል። እናንተም ሲሞላ ሜዳው ላይ፣ ሲጎድል ቦዩ አፍ ላይ ቁሙ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ ይሰፋል። ያን ጊዜ በእግር የገባ ሰው ውሃው ከኋላው እንዳይዘጋበት መመለሻውን አስቀድሞ ይወቅ።

“እግሬን ወጋኝ”

ስቲንግሬይ አሸዋ ለብሶ የሚተኛ ጠፍጣፋ ዓሣ ነው፤ ጭራው ላይ መርዛማ እሾህ አለ። እግራችሁን አታንሱ፣ እየጎተታችሁ ሂዱ። ሲሰማችሁ ራሱ ይሸሻል። ሶሉ ወፍራም ጫማ አድርጉ፤ ድንጋይ መሳዩ ስቶንፊሽ ባለባቸው የሕንድና የፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻዎች ይሄ ግዴታ ነው። ስቲንግሬይ ከወጋችሁ የተወጋውን እግር 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ ሙቅ ውሃ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ዘፍዝፉት፤ ሙቀቱን መጀመሪያ በጤናማው እግር ለኩ። ከዚያ ሐኪም ቤት። እሾሁ ደረት፣ ሆድ ወይም አንገት ላይ ከተተከለ ግን አትንቀሉት፣ ፈጥናችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

“ሪሉ ይንቋቋል፣ መንጠቆው ዛገ”

ጨው ነው። በየምሽቱ በንጹሕ ውሃ ቀስ ብላችሁ እጠቡት፣ በኃይል የሚረጭ ውሃ ጨውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። አድርቁት፣ ፍሬኑን አላልታችሁ አስቀምጡት። የተጠቀማችሁበትን ፍላይ ካልተጠቀማችሁበት ጋር አትቀላቅሉ።

“የለቀቅሁት ዓሣ ተገልብጦ ተንሳፈፈ”

ይሄ ነው ከሁሉም የሚያሳዝነኝ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ረጅም ትግልና ረጅም ፎቶ ነው። የደከመ ዓሣ ሚዛኑን ይስታል፣ ሻርክና ባራኩዳ ደግሞ በቅርብ አሉ። በፍሎሪዳ ከ2013 ጀምሮ ቦንፊሽ የተያዘ ሁሉ እንዲለቀቅ ሕግ ያስገድዳል። ሕግ በሌለበትም እንዲሁ ብታደርጉ ደስ ይለኛል።

የመንጠቆውን ምላስ (ወደ ኋላ የዞረውን ሹል) አስቀድማችሁ በፒንሳ ጨፍልቁ፣ በቀላሉ ይወጣል። እጃችሁን አርጥቡ፤ ደረቅ እጅ የሚጠብቀውን ልጋግ ይልጠዋል። ከውሃ አታውጡት፤ የግድ ፎቶ ካስፈለገ ከአሥር ሰከንድ አይለፍ። አካባቢው ላይ ሻርክ ካያችሁ ማጥመዱን አቁማችሁ ቦታ ቀይሩ። ዓሣውን ስትለቁ ቀጥ አድርጋችሁ ውሃ ውስጥ ያዙት፣ አፉ ውሃው ወደሚመጣበት ይዙር። ጉንጩ ሲከፈትና ሲዘጋ ታያላችሁ። መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ በርታ ብሎ። ጭራው መዳፋችሁን መታ አድርጎ ሲገፋ ልቀቁት።