የአሮጌ ቶዮታ ማሞቂያ ፋን ጩኸት የጠፋበት መንገድ

ደሴ ላይ በጠዋት ብርድ ማሞቂያው ሲከፈት ይጮሃል፤ ቁልቁለቱን ጨርሶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ዝም ይላል። ይህ የደረቀ ቡሽ (የፋኑ ሞተር ዘንግ ውስጡ የሚሽከረከርበት ቀለበት) ምልክት ነው። ፋኑ ውስጥ የገባ ቅጠል ብቻ ቢሆን ብርድም ሙቀትም ሳይለይ ይንኮሻኮሽ ነበር።

ፋኑ ከክሩስኮቱ መሳቢያ ስር፣ ከተሳፋሪው እግር በላይ ነው። ሶኬቱንና ቀጭኗን የጎማ ቱቦ ነቅሎ ቪቶቹን (አብዛኛውን ጊዜ 3 ናቸው) መፍታት፤ ሞተሩ ከነፋኑ ወደ ታች ስለሚወርድ በአንድ እጅ ደግፉት። የባህር ዛፍ ቅጠልም አይጠፋም፤ ከፊት መስታወቱ ስር ባለው ወንፊት ነው የሚገባው። በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። ክንፉ ላይ የተቆነጠጠች ትንሽ ብረት ካለች ግን እንዳትነኳት! ሚዛን መጠበቂያ ናት፤ ከወለቀች ፋኑ ይንቀጠቀጣል።

ዘንጉን ወደ ጎን ነቅንቁት። ከተላወሰ ቡሹ ተበልቷል፣ ዘይት አያድነውም፣ ሞተሩ ይቀየር። ካልተላወሰ ዘንጉ ከሞተሩ የሚወጣበት ቦታ ላይ 2 ወይም 3 ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጎ በእጅ ማሽከርከር ይበቃል። ዘይቱ ሲበዛ ካርቦኑ (ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው) ጋ ደርሶ ያበላሸዋል። የዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይማ የቀረውንም ቅባት ያጥበዋል፤ ጩኸቱ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል።

ከመግጠማችሁ በፊት ሶኬቱን ሰክታችሁ በሁሉም ፍጥነት ሞክሩት፣ ጣታችሁን ከክንፉ አርቁ። ቱቦዋንም መልሱ፤ ሞተሩን የምታቀዘቅዘው እሷ ናት።