ነፍሰ ጡርና ወባ፦ ለሕፃኑም የሚተርፉ ስህተቶች

ጥቅምት ላይ ቆላ ያለች ዘመዴን ልጠይቅ ሄድኩ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እኩለ ቀን ነው፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። እሷ ግን ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። አማቷ ዳማከሴ ጨምቀው አጠጥተዋታል። «ምች ነው ልጄ፣ አይዞሽ፣ ይለቅሻል» ይሏታል። ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ጤና ኬላ ወስደናት ጣቷን ሲወጓት ወባ ተገኘባት።

አማቷ ክፉ ሰው አይደሉም። እንደውም ከልባቸው ነው የሚወዷት። ግን ያቺ ሦስት ቀን የእሷ ብቻ አልነበረችም፣ የጽንሱም ነበረች። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚህ ምክንያት ነው።

«ምች ነው፣ ያልፋል»

ዳማከሴውን ማሽተት ማንም አይከለክልም። ችግሩ በምርመራው ቦታ ሲተካ ነው። ክረምት ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ከዚያም ከበልግ ዝናብ በኋላ፣ ወባ ባለበት አካባቢ ያለች እርጉዝ ትኩሳት ሲይዛት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ትመርመር። ምርመራው ጤና ኬላም አለ። እርጉዝ ላይ ወባ ቶሎ ይከፋል፣ ደሟን ያሳንሳል፣ ስኳሯን ያወርዳል። መዳፏ ከነጣ፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ከቃዠች ወይም እንደሚጥል በሽታ ካንፈራገጣት ግን ጉዞው ወደ ሆስፒታል ነው።

«ትኩሳት የለኝም፣ ስለዚህ ወባ የለብኝም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ስለሆነ።

ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት የገባበትን ቀይ የደም ሕዋስ ተለጣፊ ያደርገዋል። እንግዴ ልጁ ውስጥ ደግሞ ለዚህ ልጥፍ የሚመች ንጥረ ነገር አለ። ስለዚህ የታመሙት ሕዋሳት እንግዴ ልጁ ላይ ሄደው ይከማቻሉ። ከጣት የተወሰደው ደም ላይ ተውሳኩ በጣም ጥቂት ሊሆን፣ ጭራሽም ላይታይ ይችላል። እንግዴ ልጁ ግን ሞልቶ ይሆናል። እናትየዋ ትኩሳት ላይኖራት ይችላል። ይደክማታል፣ ዳገት ሲሆን ልቧ ይመታል። «እርግዝና ነው» ብላ ታልፈዋለች።

እንግዴ ልጅ ማለት የሕፃኑ ምግብና አየር የሚያልፍበት በር ነው። በሩ ሲዘጋጋ ልጁ ይጎዳል። ያለ ጊዜው ሊወለድ፣ ከ2.5 ኪሎ በታች ሆኖ ሊወለድ፣ ሊጨነግፍ ወይም ሞቶ ሊወለድ ይችላል።

ስለዚህ የእርግዝና ክትትል ቀጠሮ አይዘለል። የደም ማነስ ምርመራውም አይቀር። አንድ ጊዜ «ነጋቲቭ» ተብላችሁ ሕመሙ ካልለቀቃችሁ ተመለሱና «እንደገና ይታይልኝ» በሉ። ይህን ለማለት ማንም ማፈር የለበትም።

«ልጁ ሆድ ውስጥ ነው፣ ምን ይነካዋል?»

ሕፃን ሲወለድ የራሱ መከላከያ ገና አልጠነከረም። የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚያልፈው እናቱ ባሸከመችው ስንቅ ነው። ስንቁ ፀረ እንግዳ አካል ይባላል። ከእናት ደም በእንግዴ ልጅ በኩል ያልፋል፣ አብዛኛውም የሚያልፈው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። ወባ የጎዳው እንግዴ ልጅ ይህን ስንቅ በደንብ አያሳልፍም። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ደግሞ ስንቁ ሳይሞላ መንገድ እንደወጣ ሰው ነው።

ጉዳቱ ለወባ መከላከያ ብቻ አይደለም። እናት ለኩፍኝ ያላት መከላከያም ወደ ልጇ አንሶ ሊያልፍ ይችላል። በአገራችን የኩፍኝ ክትባት የሚጀምረው በ9 ወር ነው። ስንቁ ቀድሞ ያለቀበት ልጅ እስከዚያ ድረስ ባዶ እጁን ነው።

ሌላም አለ። የወባው ተውሳክ ስባሪዎች ወደ ጽንሱ ደም ሊደርሱ ይችላሉ። ያልተወለደ ልጅ መከላከያ ገና «የራሴ የቱ ነው፣ ባዕዱስ የቱ?» እያለ የሚማርበት ጊዜ ነው። አንዳንዱ ልጅ ባዕዱን ለይቶ ለመዋጋት ይዘጋጃል። አንዳንዱ ግን ይለምደዋል፣ እንደ ቤተኛ ይቆጥረዋል። ኋላ ትንኝ ስትነክሰው ሰውነቱ ቶሎ አይነሳም። ካሜሩን ውስጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት እንግዴ ልጃቸው ወባ የነበረበት ሕፃናት ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜያቸው ከሌሎቹ የበለጠ በወባ እንደሚያዙ አሳይቷል። በእርግዝና የተያዘ ወባ በመድኃኒት ድኖ እንኳ ለጤና ባለሙያው መነገር ያለበት ለዚህ ነው። ልጁ ከተወለደ በኋላም ይነገር።

«ሁለተኛ ልጄ ነው» እና «እኛ ከተማ ወባ የለም»

ወባ ዓመቱን ሙሉ በሚበረታባቸው የአፍሪካ አገሮች ይበልጥ የምትጎዳው የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት ናት። ቀጣዮቹን ስታረግዝ ሰውነቷ ለምዶታል። በእኛ አገር ግን ወባው በአብዛኛው ወቅት እየጠበቀ ስለሚመጣ ያ ልምድ አይዳብርም። አራተኛም ይሁን አምስተኛ ልጅ፣ ጥንቃቄው ያው ነው። ከደጋ ወደ መተማ ወይም ሁመራ ለሥራ የወረደች እርጉዝ ደግሞ ከሁሉም በላይ ትጠንቀቅ።

ከተማም ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ በርሜልና ሮቶ ውስጥ ትራባለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው ወረርሽኝ ምክንያት ሆናለች። የውኃ ዕቃችሁን ክደኑ።

«የተረፈ ኪኒን አለኝ»

ይህ ስህተት ያሳስበኛል። ጎረቤት አዝና የራሷን ታካፍላለች፣ ወይም ባል ከሱቅ ገዝቶ ይመጣል። ለእርጉዝ የማይሰጡ መድኃኒቶች አሉ። ፕሪማኪን ለእርጉዝ አይሰጥም፣ ከ6 ወር በታች ሕፃን ለምታጠባም እንዲሁ። ዶክሲሳይክሊንም ለእርጉዝ አይሆንም። ስለዚህ ከመታከማችሁ በፊት እርጉዝ መሆናችሁን፣ ወይም ወር አበባ መቅረቱን ተናገሩ። ሆዱ ገና ካልታየ ባለሙያው አያውቅም።

በተቃራኒው ደግሞ «ኪኒን ጽንሱን ይጎዳል» ብለው የታዘዘላቸውን የሚጥሉ አሉ። ጽንሱን የሚጎዳው ያልታከመው ወባ ነው። ኮአርተም የሚባለውን የወባ ኪኒን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም እንዲሰጥ መክሯል። ለአዋቂ 24 ፍሬ ነው፣ በሦስት ቀን ያልቃል። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀ ተብሎ አይቆምም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ ኮአርተም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ነው በደንብ ወደ ሰውነት የሚገባው። ጽጌ ጾም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ነው፣ ልክ ወባ በሚበረታበት ሰሞን። የፈቃድ ጾም ስለሆነ የታመመች እርጉዝ ብትተወው ማንም አይወቅሳት። የምትጾምም ከሆነ ዘይቱ የበዛ ሽሮ በልታ ትዋጠው። ባዶ ሆድ ግን አይሆንም።

ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል። እሱን ከጉበት የሚያጸዳው ፕሪማኪን ለእርጉዝ ስለማይሰጥ ሊመለስባት ይችላል። ከተመለሰ በድጋሚ መመርመር እንጂ «ያኔ ታክሜያለሁ» ማለት አይሠራም።

አጎበሩን ለሌላ መስጠት

ቤት ውስጥ አንድ አጎበር ብቻ ካለ እርጉዟና ሕፃኑ ይተኙበት። በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት፣ ጥላ ላይ አስጡት፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ያጠፋዋል።

ከወሊድ በኋላ የሚሠሩ ስህተቶች

ዘመዴ በሰላም ተገላገለች። ልጁ 2 ኪሎ ከ600 ግራም መዘነ፣ ትንሽ ቢሆንም ጠንካራ ነው። አማቷ እንገሩን «ቆሻሻ ነው፣ ይታለብና ይደፋ» አሉ፣ ቅቤም አዘጋጅተው ነበር። አዋላጇ ጎንበስ ብላ «እማማ፣ ስንቁ ጎድሎበት ለመጣ ልጅ እኮ ቀሪው ስንቅ ይሄ ነው» አለቻቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ቅቤውን ወደ ጓዳ መልሰው፣ የሕፃኑን ራስ በእጃቸው ደግፈው ጡት አስያዙት።

ወባ በጡት ወተት አይተላለፍም። የታመመች እናትም ታጥባ። ክትባቱም በቀጠሮው ይሁን፦ በተወለደ ጊዜ፣ በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንት። ስንቁ ላነሰ ልጅ የአንድ ሳምንት መዘግየትም ብዙ ነው።

አራስ ልጅ ካተኮሰው፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም ከፈዘዘ የታላቁን ኪኒን ከፍላችሁ አትስጡት። እናቱ በእርግዝናዋ ወባ ይዟት እንደነበር እየነገራችሁ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።