የቤት ብድር መረጃ ስትጠይቁ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው የምውለው። ለቤት ብድር ጉዳይ የሚመጣው ደንበኛ አብዛኛው ባንኩ የመለሰለትን ወረቀት ይዞ ነው የሚመጣው፤ ማመልከቻው «የብድሬ ዝርዝር መረጃ እንዲሰጠኝ በትህትና እጠይቃለሁ» ይላል። የምን ዝርዝር? ባንኩ ስቴትመንት አትሞ ይሰጥና ጉዳዩን ይዘጋዋል። ሰውየው የፈለገው ግን የቤቱ ኢንሹራንስ ለምን እንደጨመረ ነበር።

ጥያቄያችሁን በተራ ቁጥር ለዩት። ቀሪው ዋና ብድር ስንት ነው? ወለዱ በስንት በመቶ ይታሰባል፣ ተቀይሮ ከሆነስ ከመቼ ጀምሮ? ቅጣቱ የየትኛው ወር ነው? እንዲህ የተጻፈውን ሠራተኛው ዘሎት ለማለፍ አይመቸውም።

ብድሩን ባንዴ ልትዘጉ ከሆነ ደግሞ «ቀሪ ዕዳ» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። ወለድ በየቀኑ ስለሚታሰብ የመዝጊያው ሂሳብ ይለዋወጣል። «እስከዚህ ቀን ድረስ ለመዝጋት የሚከፈል ጠቅላላ ሂሳብ» በሉና ቀኑን ጥቀሱ። ከሸዋ ሮቢት የመጡ አንድ አባት በመስኮት በኩል በቁራጭ ወረቀት የተጻፈላቸውን ቁጥር አምነው ሄዱ። ሽንኩርታቸውን ሸጠው ሲመለሱ ገንዘቡ አልሞላም። የጎደለው ትንሽ ነበር፤ ካርታቸውን ግን ሳይዙ ገቡ።

ዓመት ስትጽፉ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. በሉ። አንድ መምህር «ከ2010 ጀምሮ» ብሎ ጻፈ፤ ሠራተኛዋ በፈረንጆቹ ፈልጋ «ያኔ ብድር አልነበረዎትም» አለችው። እውነቷን ነው።

መንዝ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁን በመታወቂያ ኮፒ ብቻ አትላኩት። ባንክ የደንበኛን ሂሳብ ለሌላ ሰው አይገልጽም። የተረጋገጠ ውክልና ያስፈልጋል፤ «የብድር ሂሳብ መረጃ መጠየቅና መቀበል» የሚልም ይኑርበት። ተበዳሪው ከሞተ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይያዝ።

ብድሩ ከቀድሞው ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ከሆነ፣ ያ ባንክ በ2008 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ስለተጠቃለለ ማመልከቻው ለንግድ ባንክ ነው። የድሮውን ውል ኮፒ አያይዙ።

እኔን የሚያበግነኝ ግን «መልስ እስኪሰጡኝ አልከፍልም» የሚለው እልኸኛ ነው። ወንድሜ፣ ማን ልትጎዳ ነው? ጥያቄ ማስገባት ክፍያ አያስቆምም፤ ወለዱም ቅጣቱም ይቆጥራል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ጠባሴ ላይ ስንት ዓመት ለፍቶ ያቆመውን ቤት በአንድ የተሳሳተ ቅጣት ንዴት ለሐራጅ የሚያጋልጥ ሰው ሳይ ብዕሬን ወርውሬ ልሂድ ይለኛል። ክፈል! ከዚያ «የከፈልኩት ቅጣቱን ስላመንኩበት አይደለም» ብለህ ቅሬታህን በሌላ ወረቀት ለብቻ ጻፍ። መረጃ መጠየቂያና ቅሬታ አንድ ላይ ከታሸጉ መረጃ የሚሰጠው ክፍልና ቅሬታ የሚያየው ክፍል እርስ በርስ ሲገፋፉ ይከርማሉ።

ብድሩን ጨርሳችሁ የዕዳ እገዳ ማንሻ ደብዳቤ (ዕዳው አልቋልና በቤቱ ላይ ያለው እገዳ ይነሳ የሚለውን ወረቀት) ሳትጠይቁ የቀራችሁ፣ ዛሬውኑ ሂዱ።

ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አስገቡ፤ በእናንተው ኮፒ ላይ ቀን፣ የመዝገብ ቁጥርና ማህተም ሳታስደርጉ አትውጡ። ቅርንጫፉ ዝም ካለ ለዋናው መሥሪያ ቤት፣ እሱም ዝም ካለ ለብሔራዊ ባንክ ስታመለክቱ የምታያይዙት እሱን ነው።