ተከላካይ ሆይ፣ ጫማህን ከመስቀልህ በፊት

ለዓመታት የመሐል ተከላካይ ነበርኩ፤ አሁን አሰልጣኝ ነኝ። ተጫዋቾች «መጫወት ላቆም ነው፣ አሰልጣኝነትን ከየት ልጀምር?» ይሉኛል። ሳታቆም ጀምር ነው መልሴ።

ከበረኛው ቀጥሎ ሜዳውን በደንብ የሚያየው ተከላካይ ነው። አጥቂ ብዙውን ጊዜ ጀርባውን ለግብ ሰጥቶ ኳስ ይቀበላል፤ አንተ ግን ጨዋታው በሙሉ ፊት ለፊትህ ነው። ስለዚህ ደብተር ያዝ። ግብ ሲቆጠርባችሁ ከግቡ በፊት የነበሩትን ሦስት ቅብብሎች ጻፍ። ኳሷ የት ተነጠቀች? ከእኛ ማን ተጋጣሚውን ሳይጫን ቀረ? ሰው የሚወቅሰው ተከላካዩን ነው፤ ጣጣው ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከፊት ነው።

ላይሰንሱም፣ ማለትም የአሰልጣኝነት ፈቃዱ፣ እንደዚያው። ሲ፣ ቢ፣ ኤ እያለ እስከ ፕሮ ይሄዳል። የመጀመሪያውን እየተጫወትክ ጨርሰው።

ከባዱ ማስተማሩ ነው። እግርህ የሚያውቀውን አፍህ ላያውቀው ይችላል። ልጁን «ያዘው!» ብትለው ምን ያድርግ? ይልቅ አቋሙን አስተካክልለት። ሁለቱ እግሮቹ እኩል ከቆሙ ያልቅለታል፤ ኳሷ በመሐላቸው ታልፋለች። አንዱን እግር ወደፊት፣ ጉልበት ሰበር፣ ሰውነት ወደ ጎን። ከዚያ አጥቂውን ወደ ሜዳው ጠርዝ ይግፋው።

አራቱን ተከላካዮች ደግሞ መጀመሪያ ያለ ተጋጣሚ አሠራቸው። ኳሷን አንተ ያዝ። ወደኋላ ስትመልሳት የአራቱ መስመር ወደፊት ይውጣ። የሚጫንህ ሳይኖር ቀና ብለህ ስታይ ወደ ግባቸው ይውረድ። ሲለምዱት ሁለት አጥቂ ጨምር፤ ከጨዋታ ውጪ እያልክ ዳኛቸው። ከዚያ ዝም በል! ትእዛዙን ከአራቱ አንዱ ይስጥ። በጨዋታ ቀን የአንተን ጩኸት ማንም አይሰማም፣ እመነኝ።

«እሱ ተከላካይ ነበር፣ መከላከሉን ይያዝ» ይሉሃል። እሺ በል፣ ግን የአጥቂዎቹንም ልምምድ ጠይቅ። እንቅልፍ የሚነሳህ የትኛው አጥቂ ነበር? እኔን ፈጣኑ አላስቸገረኝም። ከትከሻዬ ጀርባ ቆሞ ኳሷንና እሱን አንድ ላይ እንዳላይ የሚያደርገኝ ነበር። ያንን ለአጥቂዎችህ አስተምር። ሊዮኔል ስካሎኒም ዋሊድ ሬግራጊም ቀኝ ተመላላሽ ነበሩ፤ በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ግን በአሰልጣኝነት አንዱ አርጀንቲናን ለዋንጫ፣ ሌላው ሞሮኮን ለግማሽ ፍጻሜ አብቅተዋል።

በተጫወትክበት ክለብ ከጀመርክ ፈተናው ሌላ ነው። የርገን ክሎፕ በ2001 የተጫወተበትን የጀርመን ክለብ ማይንዝን በአሰልጣኝነት ሲረከብ አብረውት ሲጫወቱ የነበሩትን ነው ያሠለጠነው። የትናንት ጓደኛህን ከአሰላለፍ ስታወጣው ዝርዝሩ ሳይነበብ ለብቻው ጥራው። ምክንያቱን በአጭሩ ንገረው፣ አታባብለው። ምክትልህን ልከህ ግን እንዳታስነግረው።