ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል የሩጫ ዲክቴሽን እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ የሞከርኩት ቀን ዳይሬክተሩ በሩን ከፍተው ገቡ። ጎረቤት ክፍል ያለው የሒሳብ መምህር በጩኸቱ ከሶኝ ነበር። እኔ አንድ ወረቀት ብቻ ሰሌዳው አጠገብ ለጥፌ፣ ሃያ ልጅ እየተጋፋ ሊያነባት ሲሞክር ቆሜ አያለሁ። ወረቀቷ ለሁለት ተቀድዳለች። እዚያው ጎንደር ውስጥ እያስተማርኩ ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ፤ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ነገሩ ቀላል ነው። አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። አንዱ ሄዶ ያነባል፣ በቃሉ ይዞ ይመለሳል፣ ለጓደኛው ይነግረዋል፤ ጓደኛው ይጽፋል። ማንበብ፣ መናገር፣ መስማትና መጻፍ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይሠራሉ። መብራት ቢጠፋ አይነካውም። ልጆቻችን አንደኛ ደረጃን በአማርኛ ተምረው 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞርባቸዋል። አፋቸውን የሚያፍታቱበት አጋጣሚ ደግሞ ጥቂት ነው።

ጽሑፉን ማዘጋጀት

አምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የቢቢሲ የእንግሊዝኛ መማሪያ ገጽ ወይም የብሪቲሽ ካውንስል የመምህራን ገጽ ላይ ነፃ ጽሑፍ ይገኛል፤ ኢንተርኔት ባገኛችሁ ጊዜ አውርዳችሁ አስቀምጡ። እኔ ግን ራሴ መጻፍ እመርጣለሁ። ልጆቹ ስለ ለንደን ባቡር ከሚያነቡ ስለ ጥምቀት ቢያነቡ ይሻላል። የእኔ ጽሑፍ ፋሲል መዋኛ ላይ ነው፤ ሌሊቱን ጠበቅን፣ ውኃው ተባረከ፣ ወንድሜ ዘሎ ገባ፣ ሁላችን ሳቅን።

ይህን የመረጥኩት በምክንያት ነው። የእንግሊዝኛው ያለፈ ጊዜ ግሥ መጨረሻ (-ed) ልጆቻችንን ያስቸግራል፤ አጻጻፉ አንድ ሆኖ ሲነገር ሦስት መልክ አለው። «ስቴይድ» ላይ ድ ነው፣ «ጀምፕት» ላይ ት ነው፣ «ዌይቲድ» ላይ ኢድ ነው። ልጆቹ ወይ ሁሉንም «እድ» ብለው ያነባሉ፣ ወይ ጭራሽ ይውጡታል። አንዱ «ጀምፕት ኢንቱ» የሚለውን ሰምቶ «ጀምፕ ቲንቱ» ብሎ ጻፈ፣ ከዚያም ቲንቱ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ስቄበት ነበር፤ በኋላ ሳስበው ግን ልጁ ትክክል ሰምቷል። ሁለቱ ቃላት ሲነገሩ ይያያዛሉ።

ስለዚህ ጽሑፋችሁ ውስጥ ሦስቱም ድምፆች ይኑሩ። ቁጥር ከገባ ደግሞ ተጠንቀቁ። ጎንደር የተቆረቆረችበትን 1636 አስገብቼ ግማሹ ክፍል 60 36 ብሎ ጻፈ። «ሲክስቲን» እና «ሲክስቲ» የሚለዩት መጨረሻ ላይ ባለችው ን ነው፤ እሷም ሲጣደፉ ትጠፋለች። አንዲት ልጅ ደግሞ «ቲቸር፣ 1628 አይደል እንዴ?» አለችኝ። የፈረንጅና የኛ አቆጣጠር ልዩነት ላይ አሥር ደቂቃ ሄደ። አልቆጨኝም።

መለጠፍ

አንድ ቅጂ ፈጽሞ አይበቃም። ስምንት ቅጂ በትልቁ ጻፉና በአራቱም ግድግዳ በታትናችሁ ለጥፉ። ርካሽ ፕላስተር ግድግዳ ላይ አይይዝም። ማዳበሪያ ከረጢት ላይ በማርከር መጻፍ ከሁሉም ይሻላል፤ አይቀደድም፣ ለዓመታት ያገለግላል። ፕሮጀክተር የሚመክሯችሁን ስሙና እለፉ።

ማጫወት

አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ልጆች ካሉ አንዱ ሯጭ፣ አንዱ ጸሐፊ፣ አንዱ ዳኛ ይሁን። ዳኛው ፊደል ያርማል፣ አማርኛ የተናገረ ካለም ይይዛል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ አጨብጭቡና ሚናቸውን ይቀያየሩ። ካልተቀያየሩ ጎበዙ ብቻ ይናገራል።

ስሙ ሩጫ ቢሆንም መሮጥ ክልክል ነው። ሯጭ እስክሪብቶ አይይዝም፣ ከሩቅም አይጮህም። መዳፉ ላይ የሚጽፍ አይጠፋም፤ ስልክ ይዞ ፎቶ ያነሳም አጋጥሞኛል። የክፍል አለቃውን በሩ አጠገብ አቁሙት፤ ሥራው ድምፁ ሲበዛ እጁን ማንሳት ነው። እኔ ይህን ካደረግሁ ወዲህ ዳይሬክተር አልመጣብኝም።

ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ የቀረው ለእርማት ያስፈልጋል።

ማረም

ደብተር ይቀያየሩ። ጽሑፉን በተለመደ ፍጥነት አንብቡላቸው፤ ቃል በቃል አትጎትቱት። ሁሉንም ስሕተት ለመያዝ አትሞክሩ፤ ያለፈ ጊዜው ላይ ብቻ አተኩሩ። «ጀምፕ» ሲሉ ጉሮሯቸውን በጣት ይንኩ። መጨረሻዋ ፕ ላይ ንዝረት የለም፣ ስለዚህ የሚከተላት ት ነው። «ስቴይ» ላይ ንዝረት አለ፣ ድ ይከተላል። ግሡ ራሱ በት ወይም በድ ካለቀ ኢድ ይሆናል። ሕጉን ሰሌዳ ላይ ከመጻፌ በፊት ጉሮሯቸውን ሲነኩ ራሳቸው ይደርሱበታል።

አጭርና ረጅም አናባቢን በዚህ ጨዋታ ለማስተማር ግን አትድከሙ። የእንግሊዝኛው መርከብም (ship) በግም (sheep) በፊደላችን «ሺፕ» ነው የሚጻፉት፤ እሱ የራሱን ቀን ይፈልጋል።

ከረጢቶቹን ስትሰበስቡ ሌላው ሴክሽን በእረፍት ሰዓት ሁሉን ሰምቶ እንደሚጠብቃችሁ አስታውሱ። ወንድሜ የሚለውን እህቴ አድርጉት፣ ቁጥሩንም ለውጡ።